ግሉኮስ ተሰቅሎለት የለም ወይ?

(አንዲት ነርስ ደሴ ላይ ለቅሬ ማለትም ለእድር ዳኞች፣ ለአስታማሚዎችና ለነርሲንግ ተማሪዎች ያደረገችው ንግግር ነው። ከድምፅ ተገልብጦ እንደተነገረ ቀርቧል።)

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የቅሬ ዳኞቻችን፣ ነርሲንግ የምትማሩ ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሐይቅና ከኩታበር ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ዛሬ የማወራው ሩቅ ሆነው የሚሰሙት ነገር አይደለም።

ስለ ቁስለኛ ነው። ክፉኛ ስለተጎዳ ሰው። ሐረጎ ላይ መኪና ስለተገለበጠበት፣ እሳት ስለበላው፣ ጥይት ስለመታው፣ ከጣራ ስለወደቀ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ደጃችን ሲደርስ ያየነውን አይተናል፤ እሱን ዛሬ አልቀሰቅሰውም። ግን ልጠይቃችሁ፦ ከናንተ ውስጥ በቁስለኛ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያላደረ ማን አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ... አያችሁ? አንድም የለም።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ቁስል ሰውን ለምን እንደሚያከሳ። ሁለተኛ፣ ከፋርማሲ ስለምትገዙት ጣሳና እንክብል። ሦስተኛ፣ ታዲያ ምን እናብላ የሚለውን። ሦስተኛውን እንደቸኮላችሁበት አውቃለሁ፤ ያለ አንደኛው ግን አይገባም።

አንደኛው። በአማርኛችን “ቁስሉ ተቆጣ” እንላለን። መጽሐፉ ብግነት ይለዋል፣ ተማሪዎቹ በፈተና ላይ ብግነት ብላችሁ ጻፉ። እናቴ ግን “ተቆጣ” ነበር የምትለው፣ እኔም ከሷ ቃል የተሻለ አላገኘሁም። እሾህ ጣታችሁን ሲወጋ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ ቁጣ ጠላት አይደለም። ሰውነት ወታደሩን ልኮ ቆሻሻውን እየጠረገ፣ ተባዩን እየገደለ፣ የፈረሰውን ሊጠግን መሠረት እየቆፈረ ነው። ያለ ቁጣ የሚድን ቁስል የለም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ የጭን አጥንት ሲሰበር፣ ደረት ሲደቅ፣ ግማሽ ገላ ሲቃጠል፣ ቁጣው እዚያው ቦታ ላይ አይቀርም። በደም ገብቶ መላ አካሉን ያዳርሰዋል። ትኩሳት ይመጣል፣ ልብ ይሮጣል፣ ምግብ ያስጠላል። ጉበት የዘወትር ሥራውን ትቶ የጦር ጊዜ ሥራ ይይዛል፤ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይቀንስና ሲአርፒ የሚባለውን ያመርታል። ሐኪሙ “ሲአርፒ ይታይልኝ” ሲል የሚለካው ይህን ቁጣ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች፣ ቁስለኛው አልቡሚኑ ወረደ ብላችሁ “ስላልበላ ነው” ለማለት አትቸኩሉ። ቁጣው ብቻውን ያወርደዋል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ግንባታ፣ ይህ ሁሉ ሙቀት፣ ማገዶው ከየት ይመጣል?

ከጡንቻ ነው። ማገዶ ሲያልቅ የቤቱን ማገር እየነቀሉ ማንደድ ማለት ነው። የጭኑን፣ የክንዱን፣ የሚተነፍስበትን የደረቱን ጡንቻ ሳይቀር ፈትቶ ወደ ቁስሉና ወደ ጉበት ይልካል። ይህን በሚገባ ካጠኑት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ግላስጎ ከተማ፣ ስኮትላንድ ይሠራ የነበረ ዴቪድ ከዝበርትሰን የሚባል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ እግራቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት እየሰበሰበ ናይትሮጅኑን ለካ። ናይትሮጅን የፕሮቲን አመድ በሉት። የተሰበረችዋ አጥንትና በዙሪያዋ ያለው ሥጋ ብቻ ሊያወጡት ከሚችሉት እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘው። እግሩ ነው የተሰበረው፣ የሚቀልጠው ግን መላ ሰውነቱ ነው! ከዚያ ወዲህም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ 63 ሰዎችን የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ እየለካ፣ በ10 ቀን ውስጥ ወደ 18 በመቶ ገደማ እንደሳሳ አሳይቷል። በ10 ቀን! እናት ሱሪውን ስታለብሰው “ልጄ በሳምንት ውስጥ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀለለው?” የምትለው እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። እኛ ወሎዎች ክሳትን እናውቃለን ብለን እናስባለን። በ66ቱም በ77ቱም አይተነዋል። የረሃብ ክሳትና የቁስል ክሳት ግን አንድ አይደሉም። የራበው ሰውነት ይቆጥባል፤ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ ይዘገያል፣ ጡንቻውን እስከ መጨረሻው ይሰስትለታል። የቆሰለው ሰውነት ግን ያባክናል። ከምንም በላይ የምፈራው ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ከስቶ የኖረ ገበሬ፣ ያውም በክረምቱ ማለቂያ ጎተራው ሲራቆት፣ መኪና ሲመታው፣ የሚነቀል ማገር እንኳ የለውም።

አባቴ የ77ቱን ሲነግረን ሁሌም የሚደግመው ነገር ነበር። እህል የተገኘ ቀን፣ “እሰይ ጠገበ” የተባለ ሰው በማግሥቱ ሲሞት አይቷል። “አንጀቱ ተጣብቆ ስለነበር ነው” ይል ነበር። አያቴ ግን ቀጭን አጥሚት አፍልታ፣ በኩባያ ክዳን እየለካች፣ በየጥቂቱ ትሰጥ ነበር። አያቴ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናስተምረው ግን የሷን ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ፣ ስኳሩ ወደ ሴሉ ሲገባ ፎስፌትን፣ ፖታሺየምንና ማግኒዥየምን ይዞ ይገባል። ደሙ ባዶ ይቀራል፣ ልብ ትደክማለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስር የወጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ሞተዋል። ስለዚህ ከስቶ የመጣ ቁስለኛ፣ ወይም ቀናት ሙሉ ያልበላ ሰው፣ በጥቂቱ ይጀምራል፤ ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ-1 ምግቡ ከመጀመሩ በፊት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ቫይታሚን ነፍስ ያድናል። እኔ የቫይታሚን ጠላት አይደለሁም፣ ይህን እወቁልኝ።

ወደ መንገዴ ልመለስ። አልጋው አጠገብ ቆሜ “ዛሬ ምን በላ?” ስል በጣም የምሰማው መልስ ምን ይመስላችኋል? “ሲስተር፣ ግሉኮስ ተሰቅሎለት የለም ወይ?”

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ግሉኮስ ምግብ አይደለም። እደግመዋለሁ፦ ግሉኮስ ምግብ አይደለም። በተለምዶ የሚሰቀለው ባለ 5 በመቶው፣ በአንድ ሙሉ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ነው ያለው። ጉልበቱ ወደ 170 ካሎሪ ነው። ከአንድ ሙሉ እንጀራ ያንሳል! ፕሮቲኑስ? ምንም። ዜሮ። አብሮት የሚሰቀለው ሌላው ደግሞ ጨውና ውሃ ነው፣ ጭራሽ ካሎሪ የለውም። ውሃ የጠማውን ያረካል፣ የደም ግፊት ያነሣል፣ መድኃኒት ያስገባል። ጡንቻን ግን አይመልስም። ከረጢቱ ሲንጠባጠብ አይታችሁ “እየበላ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። እየተራበ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ የጣሳው ነገር ነው። ይህን በአንድ ልጅ ታሪክ ልጀምር፣ ዓመታት ቢያልፉትም ከልቤ አልወጣም።

የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ የጭን አጥንቱና ክንዱ ተሰብሯል። ሰኞ ኦፕራሲዮን ትገባለህ ተብሎ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ተደረገ። ሰኞ ከሰዓት ምጥ የጠናባት እናት መጣችና ተራው ለሷ ሆነ። ማክሰኞ እንደገና ጾመ፤ መብራት ጠፋ። ሐሙስም እንዲሁ። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሙሉ ቀን ሳይበላ ዋለ። ሐሙስ ወደ ማታ እናቱ ከገጠር ሲመለሱ በነጠላቸው የጠቀለሉት ነገር ነበር። ፈቱት፤ ትልቅ ጣሳ ዱቄት ነው። ጡንቻው የተወጣጠረ ፈረንጅ ተሥሎበታል። ሁለት በግ ሸጠው ነው የገዙት። “ሲስተርዬ፣ ቁስል ያደርቃል፣ ሰውነት ይመልሳል ብለውኛል። እንዴት አድርጌ ነው የምበጠብጥለት?”

ጣሳውን አዙሬ አነበብኩት። አብዛኛው ስኳርና ከበቆሎ የወጣ ስታርች ነው። በአንድ ማንኪያ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የአንድ እንቁላል ያህል አይሞላም። በዚያ ገንዘብ ስንት እንቁላል፣ ስንት ወተት! ያቃጠለኝ ግን ጣሳው አይደለም። ልጁ ኦፕራሲዮኑ በተሰረዘ ቁጥር ወዲያው መብላት ይችል ነበር። ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ “ታዲያ ጣሳው ጥሩ ጥራት ያለው ቢሆንስ? ንጹሕ ንጥረ ነገር ቢሆንስ?” ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሊቃውንቱም ይህንኑ ጠይቀዋል፣ በጥንቃቄም መርምረዋል።

ግሉታሚን የሚባል አለ። በደማችን ውስጥ ካሉት የፕሮቲን ጡቦች ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው፣ ሰው ክፉኛ ሲታመም ይወርዳል። የወረደ እንደሆነማ እንሙላው ተባለ። የሚመስል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በ40 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ ከ1,200 በላይ በሆኑ በርካታ አካላቸው በደከመ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ከዕጣ በቀር ማንም አልመረጠም፤ ለከፊሎቹ ግሉታሚን በብዛት ተሰጠ፣ ለከፊሎቹ አልተሰጠም። ውጤቱስ? ግሉታሚን ከወሰዱት ውስጥ የሞቱት በዙ። እዚያው ጥናት ላይ ሴሊኒየም፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ሲና ኢ ለሌሎች ተሰጥቷል፤ አልጠቀመም። “በእሳት ለተቃጠለ ግን ይሠራል” ተባለ። እሱም ተፈተነ። በ14 አገሮች 1,200 በሚሆኑ ክፉኛ የተቃጠሉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ፣ ከሆስፒታል ቶሎ አላስወጣቸውም። በዚያው ዓመት ቫይታሚን ሲ በደም ሥር በብዛት ኢንፌክሽን ደማቸውን ለመረዛቸው ሕሙማን ተሰጥቶ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዘነ ሆኖ ተገኘ። የዓሣ ዘይቱ ኦሜጋ ሦስትም ሳምባቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ እንደማይጠቅም ስለታየ ጥናቱ መሀል ላይ ቆሟል።

ለምን ይመስላችኋል? ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይመጣል። ቁጣው ሁሉ ጠላት አይደለም! እኛ ደግሞ “ብግነት ያጠፋል” የሚል ጽሑፍ ባየን ቁጥር እንገዛለን። ሌላው፣ በደም ውስጥ የወረደ ነገር ሁሉ የጎደለ አይደለም፤ ሰውነት አውቆ የደበቀውም አለ። ብረትን ውሰዱ። ሰውነት ሲቆጣ ብረቱን ከደም አንሥቶ ይሸሽገዋል፣ ተባዩ እንዳይመገበው። ልክ ሽፍታ ሲመጣ እህሉን ጉድጓድ እንደሚቀብር ገበሬ። እኛ “ደሙ አንሷል” ብለን ብረት ብንግተው ለማን ነው የምናበላው? ስለዚህ ብረት ሐኪም ሳያዘው፣ መግል ባለበት ቁስለኛ፣ አይሆንም።

ስለ ቤታችን መድኃኒቶችም ትጠይቁኛላችሁ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት ግን በሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት ኦሜጋ ሦስት የሚቀየረው እጅግ በጥቂቱ ነው። እርድ ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ደስ ይላል፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ግን ኢምንት ነው። በእንክብል የታሸገ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የዓሣ ዘይት የሚውጥ ሰው ካለ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ፣ ደም ሊያቀጥኑ ይችላሉና። የቀለጠ ቅቤ የምታጠጡ እናቶች፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል። ቅቤ ጉልበት አለው፣ ፕሮቲን ግን የለውም። አጥሚቱ ላይ ጨምሩት፣ ብቻውን አታጠጡት።

ሦስተኛው፣ የቸኮላችሁበት። ምን ይብላ?

በቅድሚያ በአንጀቱ ይብላ፣ ቶሎም ይብላ። ሆዳቸው የተጎዳ 98 ሰዎች አሜሪካ ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ገሚሶቹ በቱቦ በአንጀታቸው፣ ገሚሶቹ በደም ሥር ተመገቡ። በአንጀታቸው የበሉት የሳምባ ምችና የሆድ ውስጥ መግል እጅግ ያነሰባቸው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው፣ ዛሬም በምክንያት ይጠቀሳል። ያልሠራ አንጀት ራሱ ይሳሳል። የደም ግፊቱ ከተረጋጋ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ መጀመር ነው የሚመከረው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በፍጹም፣ በፍጹም በአፉ ምንም አታፍሱ። ሳምባው ይገባል። ለሱ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ አለ፤ ሲመገብም ጀርባው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል። ትራስ ከሌለ ብርድ ልብስ ጠቅልሉ።

መጠኑስ? ክፉኛ ለተጎዳ ሰው በኪሎው ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን በቀን ይባላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1.5 ብናባዛው 90 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አራት እንቁላል 24። አንድ ሊትር ወተት ወደ 32። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ፣ አጥንቱ ወጥቶ 150 ግራም፣ ወደ 30። ደምሩት፦ 86! የቀረውን ሽሮው ይሞላዋል። ለጿሚው ደግሞ 100 ግራም ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከ20 ግራም በላይ አለው። “ከበዛ አይበልጥም ወይ?” እንዳትሉ፣ በኪሎ ከ2.2 ግራም በላይ የተሰጣቸው ከሌሎቹ እንዳልተሻሉ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ኩላሊቱ የተጎዳማ ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጠኑን አይጨምር።

ስለ ጾም። እዚህ ሼሆችም ቀሳውስትም ተቀምጠዋል፣ ስለዚህ ደፍሬ እላለሁ። እጆቹ የተቃጠሉ አንድ አባት በረመዳን አልበላም ብለውኝ፣ ቁስላቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥጋ ሳያበቅል ቀረ። የመጡላቸው የቅሬያቸው ሼህ ጆሯቸው ሥር ቁጭ ብለው “ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣው የፈቀደው አላህ ራሱ ነው፣ አንተ ከሱ ትበልጣለህ ወይ?” አሏቸው። በዚያው ሰዓት ወተቱን ተቀበሉ። የኔን አሥር ቀን ልመና አልሰሙም ነበር። በአጠገባቸው የተኙት ሁዳዴን የያዙ ክርስቲያን ነበሩ፤ ለሳቸውም የንስሐ አባታቸው መጡ። ሼሆች፣ ቀሳውስት፣ አንድ ቃላችሁ ከኔ ሙሉ ቀን ይበልጣል። እባካችሁ ወደ ዋርድ ኑልን።

አንድ እውነት ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። መግል ተቋጥሮ፣ አጥንቱ ሳይታሰር፣ ሕመሙ ሳይታገሥለት፣ እንቁላል ብቻውን አያድንም። የቁጣው ምንጭ እስካለ ድረስ ጡንቻው ይቀልጣል፣ ምግብ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ መግሉ ይውጣ፣ አጥንቱ ይታሰር፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ ይቀመጥ፣ ይነሣ፣ እግሩን ያንቀሳቅስ። የበላው ፕሮቲን ወደ ጡንቻ የሚሄደው ጡንቻው ሲሠራ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የቅሬ ዳኞች። አባል ሲጎዳ ገንዘብ ታዋጣላችሁ፣ ሃያ ሰው ለስላሳና ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል። ኮመዲኖው ላይ ስምንት ጠርሙስ ሚሪንዳ ተደርድሮ ቁስለኛው ሲከሳ አይቻለሁ። ቁጣ በራሱ የደም ስኳር ያንራል፣ እኛ ደግሞ ስኳር እንጨምርበታለን። እለምናችኋለሁ፦ ተራ አውጡ። ዛሬ የነእከሌ ቤት፣ ነገ የነእከሌ ቤት። አንድ ቤት አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ወተት ይዞ ይምጣ። ከገጠር የመጣ አስታማሚ ደሴ ላይ ምድጃ የለውም። ምድጃ ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ለአስታማሚዎች ደግሞ አንዲት ጥያቄ አስተምራችኋለሁ። ለኦፕራሲዮን ጹም ሲባል ጠንካራ ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ ከሁለት ሰዓት በፊት ቢቆም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ሙሉ ቀን አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ፦ “በስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ከተሰረዘስ አሁኑኑ ይብላ?” እስቲ አብራችሁኝ በሉት። “በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?” ...ድገሙት፣ ከኋላ አልተሰማም። “ከተሰረዘስ አሁኑኑ ይብላ?” ...እንዲያ! ነርሷ ብትቆጣም ጠይቁ። ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ሳትጠየቁ ንገሩ። እኔ ያን ሐሙስ ያላደረግሁትን እናንተ አድርጉ።

የልጁን መጨረሻ ትጠይቁኝ ይሆናል። በስድስተኛው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ ሁለት ወር ተኛ። እናቱን ጣሳውን ወደ ሱቁ መልሱ ብላቸው፣ ባለሱቁ አልቀበልም አላቸው፤ የተከፈተ ስለሆነ። ከዚያ ጀምሮ ግን ከፒያሳ በታች ካለች የአክስታቸው ልጅ ቤት ጠዋት ጠዋት እንቁላልና ሽሮ በሰሃን ጠቅልለው ይመጡ ነበር። እኔም የበላውን በቻርቱ ጀርባ እጽፍላቸው ነበር። ሲወጣ በክራንች እየሄደ ነው የወጣው፣ እናቱም ያችን ባዶ ጣሳ ቡና ሊያስቀምጡባት ይዘዋት ሄዱ።

እዚያ ጋ እጃቸውን ያነሡ እናት አሉ። ማይኩን ስጧቸው፣ እሳቸውን እንስማ።